ሰላምታ ሳያሳጥሩ የኖሩት የአቶ ተገኘ ሀንዲሶ የሕይወት ታሪክ

አቶ ተገኘ ሀንዲሶ ከአባታቸው ከአቶ ሀንዲሶ ኤርጃቦና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፈለቀች ላምቤቦ በ1951 ዓ.ም. በሌሞ ወረዳ፣ ከሆሳዕና የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሆሳዕና ካጠናቀቁ በኋላ በ1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው የሬዲዮ ጥገና ሙያ ተማሩ። በዚያ ዘመን ወደ ቤት የላኳቸው ደብዳቤዎች ግማሽ ገጻቸው ሰላምታ እንደነበረ፣ የላሞቹ ስም እንኳ በየተራ ይጠራ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ወ/ሮ ብርቅዬ እስከ ዛሬ ይናገራሉ።

በ1978 ዓ.ም. የሞርሲቶ ከተማ ተወላጇን ወ/ሮ ጣቢታን አግብተው ሚክያስን፣ ራሄልንና ሊያን ወለዱ።

በ1982 ዓ.ም. ከመሬት በታች በሚሠራ አንድ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ተቀጠሩ። በማውጫው ዋናው ሬዲዮ የሚሠራው በዋሻው ጣሪያ ላይ በተዘረጋ ገመድ ነበር። ገመዱ ቢበጠስ፣ የውሃ ቧንቧውን ብረት ተከትሎ ድምፅ የሚያደርስ የመጠባበቂያ ሬዲዮ አለ። አቶ ተገኘ የዚህ ሬዲዮ ኃላፊ ነበሩ።

ደንቡ በየማለዳው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ መሞከር ነበር። እሳቸው ግን ከታች ያለውን ሰው በስሙ ጠርተው ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ሳይጠይቁ አይለቁትም። ከታች ከሚሠሩት አንዱ የሆነው የዳምቦያው ፍሬውም በተራው፣ ሆሳዕና ስላለው የጋሪ ፈረሳቸው ሳይጠይቅ ውሎ አያውቅም፤ «ጋሼ ተገኘ፣ ያ ሰነፍ ፈረስዎስ? ዛሬም ተኝቶ ነው?» ይላቸው ነበር። ሌሎቹ «ባትሪውን በሰላምታ ጨረሱት» ብለው ይስቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ግን ሬዲዮው ለጨዋታ እንዳልሆነ ገልጾ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ደብዳቤውን በአክብሮት ተቀበሉ፤ ሰላምታውንም ቀጠሉ።

በኅዳር 1999 ዓ.ም. አንድ ረፋድ ላይ ዋሻው ተደርምሶ ዘጠኝ ሰዎች ታች ቀሩ። ገመዱ ተበጠሰ። የመጠባበቂያው ሬዲዮ ግን መለሰ፤ ያነሣው ፍሬው ነበር።

«ፍሬው፣ እንዴት ናችሁ?»

«ደህና ነን።»

«የተጎዳ አለ?»

«የለም።»

«አንተስ?»

«ደህና።»

ከዚያ ዝም አለ።

ሥራ አስኪያጁ እፎይ ብሎ፣ «ይኸው ደህና ነን አሉ። ቁፋሮው እስኪደርስ ካሉበት እንዳይነቃነቁ» አለ።

አቶ ተገኘ ግን፣ «ደህና ነኝ ማለትማ ደንዝዞም ይቻላል። መልሶ አልጠየቀኝም» አሉ። «የዳምቦያ ሰው ሰላምታ ተቀብሎ ዝም አይልም። አየሩ ተበላሽቶባቸዋል።»

«መንገድ ላይ ሌላ ድንጋይ ቢወርድባቸውስ?»

«ጥፋቱ በእኔ ይሁን።»

ሳይፈቀድላቸው ከታች የነበረውን የፈረቃውን አለቃ ናስረዲንን በሬዲዮው ጠርተው፣ ሬዲዮውን ይዘው ወደ ላይኛው ዋሻ እንዲወጡና የታመቀ አየር የሚያመጣውን ቧንቧ እንዲከፍቱ ነገሩት። ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም ድምፅ አልተሰማም። ያ ሃያ ደቂቃ ከሠላሳ ዓመት ሥራቸው ሁሉ የረዘመ እንደነበር አቶ ተገኘ ይናገሩ ነበር። በመጨረሻ ሬዲዮው ተንሿሿ።

«ጋሼ ተገኘ... ያ ሰነፍ ፈረስዎስ?»

አቶ ተገኘ መሬት ላይ ተቀምጠው እየሳቁ አለቀሱ። ቁፋሮው ደርሶላቸው ዘጠኙም ከመምሸቱ በፊት በእግራቸው ወጡ። በማግስቱ የታችኛው ዋሻ አየር ሲለካ ሰው የሚያኖር ሆኖ አልተገኘም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ግን እስከ ጡረታቸው ድረስ ከፋይላቸው አልወጣም፤ ይህንን ሲያነሡ ከማንም በላይ የሚስቁት ራሳቸው ነበሩ።

በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ሆሳዕና ገቡ። የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ በነጻ ይጠግኑ ነበር። ማይክራፎኑን ሲሞክሩም «አንድ፣ ሁለት» አይሉም፤ ምእመኑን ከፊት ወንበር ጀምረው በየስሙ ሰላም ስለሚሉ መዘምራኑ ቆመው ይጠብቃሉ።

ካለፈው መጋቢት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። የመጨረሻዋ ዕለት ጠዋት ነርሷ እንዴት አደሩ ብትላቸው፣ ደህና መሆናቸውን ነግረው የእናቷን ጉልበት ሕመም ጠየቋት። ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው በሕይወት አሉ። ከዘጠኙ ሰዎች ፍሬውን ጨምሮ ሰባቱ ዛሬ በመካከላችን ቆመዋል።

ጌታ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል። በደጁ ቆሞ «እንዴት ዋልህ፣ ተገኘ?» ሲላቸው፣ መልሰው እንደሚጠይቁት ቤተሰቡ አይጠራጠርም።