በእኛና በነይታይሽ መካከል የነበረው ግድግዳ

ጥሩዬ፣ አፈሩን ያቅልልሽና፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ባለፈው ጥር ሙት ዓመትሽን አወጣን። እናትሽ ከገጠር፣ ከቤተ ልሔም በበቅሎ መጥተው ሁለት ሳምንት ሰነበቱልኝ፤ እሳቸው ከሄዱ ወዲህ እቤት ውስጥ የማወራው ሰው የለኝም። አሁን ነሐሴ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል። ጤናዬን ብትጠይቂኝ ደህና ነኝ፤ ብቻ ደክሞኛል። ተነሥቶ እሳት ማያያዝ ይታክተኛል። ዶሮዎችሽን ለእናትሽ ላክሁላቸው፤ ማን ይጠብቃቸዋል ብዬ። ልጃችን ሰዋለም ደብረ ታቦር እህትሽ ዘንድ ሆና አሥራ አንደኛ ክፍልን አልፋለች፤ ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች።

የጻፍሁልሽ ግን ለሌላ ነው። የመሃሉ ግድግዳ ወደቀ።

በአንድ ቆርቆሮ ሥር፣ በዚያች አንዲት የጭቃ ግድግዳ ተለያይተን ከነይታይሽ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ኖርን። ቀበሌው ቤቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለእኛ፣ ግማሹን ለልብስ ሰፊው ለፈንታሁንና ለሚስቱ ሲሰጥ ግድግዳው ድሮም የይድረስ ይድረስ ሥራ ነበር። የፈንታሁን መኪና ሲሰፋ እኛ ቤት ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይታይሽ ባሏን ስትቆጣው አንቺ ከወዲህ ሆነሽ «እውነቷን ነው» ትያት ነበር፤ እሷም አንቺ እኔን ስትቆጪኝ አንድም ቃል አያመልጣትም። ከዚያ ደግሞ እናንተ ሁለታችሁ ትጣላላችሁ።

የጠባችሁ ሁሉ እናት ያ በርሜል ነበር። የጣራው ውኃ በአሸንዳው በእኛ ወገን ስለሚወርድ በርሜሉን ከሥሩ አቆምሽው። እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ በዚያ ብርድ ምንጭ ድረስ መውረድ የሰለቸው ሰው ሌላ ምን ያደርጋል። በርሜሉ ሞልቶ ሲፈስ ግን የግድግዳውን እግር ያርሰዋል። ይታይሽ በየክረምቱ የነጠላዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጣ ትመጣለች፤ «ግድግዳው ሲወድቅ ያን ጊዜ ታገኙታላችሁ» ትላለች። አንቺ ደግሞ «በርሜሌን ስንዝር አላነሣም» ትያለሽ። እኔና ፈንታሁን ራቅ ብለን ቆመን ሰማዩን የምናይ እንመስላለን።

አንድ ጊዜ እስከ ቀበሌው ሸንጎ ደረስን፤ ታስታውሻለሽ። ሽማግሌዎቹ አራታችንንም አቁመው ሲመክሩን ዋሉ። ስንመለስ እኔና ፈንታሁን ከፊት፣ እናንተ ከኋላ እየተነታረካችሁ ነበር። ኅብረት ሱቅ ደጃፍ ስንደርስ ሳሙና መጥቷል ተባለ። ዞር ብዬ ባይ ይታይሽ ላንቺ ተራ ይዛልሻለች፤ አንቺም ለሁለታችሁ የሚሆን ዘንቢል ልታመጪ ወደ ቤት እየሮጥሽ ነው። ያን ዕለት ሳቅሁ። ብስቅ ምን ነበረበት። ችግሩ ሳቄን ለአገር ማካፈሌ ላይ ነው።

የቀበሌው የባህል ኃላፊ ለአንድ ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ሰንብቶ ተመለሰ። ያደረበት ቤት በቴሌቪዥን ያየውን ሲያወራ አይጠግብም ነበር። ሁለት ጎረቤታም ባልና ሚስቶች በየሳምንቱ በማይረባ ነገር እየተጣሉ ሰውን የሚያስቁበት ጨዋታ ነው አለ። ከተማችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነውና ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ሰማነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «መምህር አዱኛ፣ ለበዓሉ ለኪነት ቡድናችን እንዲህ ያለ ጻፍልን» አለኝ። ሩቅ አልሄድሁም። ግድግዳውን፣ በርሜሉን፣ የነጠላዋን አሸጓጎጥ፣ ፈንታሁን መርፌ በከንፈሩ ነክሶ «እህ» የሚላትን፣ ሁሉንም እንዳለ ገለበጥሁት። ስማቸውን ብቻ ቀየርሁ።

ጽፌ ስጨርስ አነበብሁልሽ። ሽሮ እያማሰልሽ ነበር፤ ማማሰሉን ተውሽው።

«ይቺ ዝም ብላ የምትመክረው ሴት እኔ ነኝ?» አልሽኝ።

«አዎ፣ አንቺ ነሽ።»

«እኔ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ? የእነሱን ቤት የጅል ቤት አድርገህ የኛን የቅዱሳን አደረግኸው እኮ። ተው፣ ይህን አታውጣው።»

ጨዋታ ነው፣ ማንም አያውቅባቸውም አልሁሽ። ንፋስ መውጫ ውስጥ የማይታወቅ ነገር እንዳለ ሁሉ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰው ገና በመጀመሪያው ማን መሆናቸውን ለየ፤ አንገቱን እያዞረ ወደ እነሱ ያይ ጀመር። ይታይሽ መጀመሪያ ከሁሉ ጋር ስትስቅ አይቻታለሁ። ከዚያ እሷን ሆና የምትጫወተው ተማሪ ነጠላዋን ሸጉጣ «ግድግዳው ሲወድቅ ያን ጊዜ ታገኙታላችሁ» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ያኔ ይታይሽ መሳቋን አቆመች። ትንሽ ተቀመጠች። ተነሥታ ወጣች። ፈንታሁን ጥላዋን ይዞ ተከተላት። እኔ መጨረሻ ላይ መድረክ ወጥቼ ጭብጨባ ተቀበልሁ።

ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ አብረን አየነው። ገበያ ስትወርድ ልጆች ከኋላዋ «ግድግዳው! ግድግዳው!» ይሉ ነበር። ይታይሽ በርሜሉ አጠገብ ድርሽ አላለችም። ከግድግዳው ወዲያ ቁጣ የለ፣ ሳቅ የለ፤ የመኪናው ድምፅ ብቻ ቀረ። እኔን ድሮ «አንተ መምህር» የምትለኝ ሴት ከዚያ ቀን ጀምራ «አንቱ» አለችኝ። አክብሮት እንዳልሆነ ለመረዳት አስተማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በርሜሉን ብቻሽን አንከባለሽ ወደ ጓሮ ወስደሽዋል። ለምን ብዬ አልጠየቅሁሽም።

ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው ይገባ ነበር። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ለፋሲካ እሄዳለሁ፣ ክረምቱ ይውጣ እያልሁ እስከ ዘንድሮ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አፍሬ ነው። ከዚያ ደግሞ ቀኑ ሲርቅ እነሱም የረሱት መሰለኝ። አንቺ አልጋ ላይ ስትውይ፣ ወደ ደብረ ታቦር በጭነት መኪና ልንወስድሽ ስንል ፈንታሁን ሳይጠራ መጣ፤ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘ፤ ከጫንንሽ በኋላ እኔን ሳያይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሬሳ ሆነሽ ስትመለሽ ይታይሽ ከለቅሶው ድንኳን ሦስት ቀን አልወጣችም፤ ለለቀስተኛው ስትሠራ፣ ስታቀርብ፣ ስታጥብ ሰነበተች። በሰልስትሽ ድስቶቹን አጥባ ደርድራ ሄደች። እኔም በልቤ እንግዲህ ታርቀናል አልሁ። ምን ያህል ለራሴ እንደማደላ ተመልከች።

ካንቺ በኋላ በርሜሉን ወደ ቦታው መለስሁት። ከጓሮ ውኃ መቅዳት ሰለቸኝ፤ ይኸው ነው ምክንያቱ። ዓምና አንድ ክረምት ቻለው። ዘንድሮ ሐምሌ ውስጥ በአንዱ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ቆሎ ይዤ ተቀምጬ ሳለ አንድ የሚንሸራተት ድምፅ ሰማሁ። ግድግዳው ከወገቡ በታች እንደ ገንፎ ፈሰሰ፤ ከዚያ የላዩም ተከተለ። እንጨቱ ብቻ ቆሞ ቀረ። በእንጨቱ መካከል ይታይሽና ፈንታሁን ምሳቸውን ቀርበው ተቀምጠዋል። ፈንታሁን የጎረሰውን አላላመጠም። እኔም ቆሎውን እንደያዝሁ ቀረሁ። ሦስታችንም እንተያያለን።

ይታይሽ ናት የተናገረች። «እንብላ፣ መምህር» አለች።

ልማድ ሆኖባት ነው፤ ሰው እያየ አይበላማ። እኔ ግን ጥሩዬ፣ ካንቺ ቀብር ወዲህ እንደዚያ ቀን አላለቀስሁም።

ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ ግድግዳውን ልንመርግ ተነሣን። እኔና ፈንታሁን ሱሪያችንን ሰብስበን ጭቃውን ከጭድ ጋር ስናቦካ፣ ይታይሽ ውኃ ታቀብለናለች። እኔ እግሬን እያየሁ ተናገርሁ። «ይታይሽ፣ ይወድቃል ብለሽ ነበር። ልክ ነበርሽ። በሰው ፊት ያሳቅሁብሽ በእውነትሽ ነው» አልኋት።

እንስራዋን አስቀመጠች። «እርስዎ ይህን ለማለት ስንት ዓመት ፈጀብዎ» አለች። «ጥሩወርቅ በነጋታው ነው የመጣች።»

የት መጣች አልሁ። አለማወቄን ስታይ ፈንታሁንን አየችው፤ እሱ ንገሪው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ነገረችኝ።

ጨዋታው በታየ በነጋታው፣ እኔ ለትምህርት ከወጣሁ በኋላ፣ ድንጋይ ማጅራትሽ ላይ ተሸክመሽ ደጃፋቸው ላይ ተንበረከክሽ። «ባሌ በድሏችኋል። እኔም ሲያነብልኝ ሰምቼ አላስቆምሁትም» አልሽ። ድንጋዩን ያነሣልሽ ፈንታሁን ነው፤ አንገትሽ ላይ ሰንበር አውጥቶብሽ ነበር አለኝ። እኔ ያንን ሰንበር አላየሁም። አንድ ቤት ውስጥ እያደርሁ አላየሁም።

ይታይሽም «አንቺን ይቅር ብዬሻለሁ፤ እሱ ግን በእግሩ ይምጣ» አለችሽ። «ንገሪውና ይምጣ» ብትልሽ አንቺ እንቢ አልሽ። «እኔ ልኬው ከመጣ ምን ይጠቅማል። ራሱ ይመጣል» አልሽ። ወፍጮ ቤት በተገናኛችሁ ቁጥርም «ይመጣል» ትያት ነበር አሉ። ታመሽ፣ እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ልትጠይቅሽ ስትገባ «ገና አልመጣም፣ አይደል?» ብለሽ የጠየቅሻት አንቺ ነሽ። እሷ «ተይው፣ አትጨነቂ» አለችሽ።

ከጭቃው ወጣሁ። ከመሠረቱ አጠገብ ከተቆለለው አንድ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁ፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለምና ቀስ ብዬ ተንበረከክሁ። ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀምሮ ነበር። በኋላ ይታይሽ «ለእሷ ስል ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ፈንታሁን ድንጋዩን አነሣልኝ። ከዚያ ወደ ጭቃችን ተመለስን፤ ሥራው ገና ነበርና።

ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ ብዬ አልዋሽሽም። ይታይሽ እስካሁን «አንቱ» ነው የምትለኝ። በደንብ የተመረገ ግድግዳ ስለሆነም ከወዲያ የሚሰማው እንደ ድሮው አይደለም። አንዳንድ ቀን ግን እጅ የምታህል ቁራሽ እንጀራ በጨርቅ ሸፍና ታኖርልኛለች፤ እኔም የፈንታሁንን ማመልከቻዎች እጽፍለታለሁ። ይበቃኛል። ከዚህ የበለጠ ለመጠየቅ ጉልበትም የለኝ።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። አንቺ ካረፍሽ ወዲህ ሰው ስላንቺ ባነሣብኝ ቁጥር እዚያ ጽሑፌ ላይ እንዳደረግሁሽ ነበር የምናገረው፤ ዝምተኛ ነበረች፣ ክፉ አይወጣትም፣ ጎረቤት አታስቀይምም እል ነበር። ለሰዋለም ሳይቀር እንዲህ አወራሁላት። የማላውቃትን ሴት ሳመሰግን ነው የከረምሁ።

ልጃችን ለእንቁጣጣሽ ስትመጣ አጠገቤ አስቀምጬ እንደነበርሽ እነግራታለሁ። እናትሽ አፏ ስለት ነበር፣ ግትር ነበረች፣ ለአንድ በርሜል ሸንጎ ትቆም ነበር እላታለሁ። ጠዋት የተጣላችው ሰው ከሰዓት በኋላ ተራ እንዲይዝላት የምታደርግ ሴት ነበረች እላታለሁ። አባትሽ ላጠፋው ጥፋት ድንጋይ ተሸክማ፣ ሳትነግረው፣ ይመጣል እያለች የጠበቀችው ሴት ናት እላታለሁ። ታፍርብኝ እንደሆነ ትፈርብኝ። ጥሩዬ፣ እድሜ እስከሰጠኝ ድረስ የማስታውስሽ እንዲህ አድርጌ ነው፤ ዘግይቼ መጣሁ፣ ግን መጣሁ።

ባልሽ አዱኛ