ሰሌዳውን የሰቀልንበት ቀን

አሰላሙ ዓለይኩም አጎቴ ጀማሉዲን፤ የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

«የዚያ ልጅ ሰሌዳ ከምን ደረሰ?» ሳይሉ አልቀሩም። በፀሐይም እንዲነበብ ብርሃን የሚቆጣጠር ስስ ፊልም የለበጥኩበት የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የፈጠራ ባለቤትነት (ፓተንት) ምርመራ ላይ ነው። መርማሪዋ ወደውታል። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካም ፓተንቱ ከወጣ አብሮኝ ሊያመርተው ቃል ገብቷል።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ማመልከቻው ከመግባቱ ከዓመት በላይ ቀድሞ ሕዝብ ያየው ነገር አዲስ ስለማይባል ፓተንት አይሰጠውም። እኛ ደግሞ እናቴ «የሥራህ በኩር ለአላህ ቤት» ብላ፣ የሶላት ሰዓት እንዲያሳይ ሆጤ ሰፈራችን መስጊድ ላይ ሰቅለነዋል። እሷ «ለመውሊድ ነው፤ ማመልከቻው ሲገባ ዓመት አልሞላውም» ትላለች። እኔ ግን መሰላሉ ላይ እንዳለሁ የመግሪብ አዛን ሲል፣ እርስዎ ማፍጠሪያ ቴምር እንዳቀበሉኝ ትዝ ይለኛል። ረመዳን ከነበረ ዓመት ያልፈዋል። ግን በውዴታ የሚጾመውን የሰኞ ሱና ጾም ይዘንም ይሆናል፤ ያኔ የእናቴ መውሊድ ልክ ሊሆን ይችላል፤ አይደል?

መሰላሉን የያዙት እርስዎ ነዎትና ቀኑን ጽፈው ይላኩልኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማ «መውሊድ ነው በለው» እያለች ነው። እርስዎ ግን ለእኔ ብለው አያሳምሩት፤ የሚጽፉትን እንዳለ ለመርማሪዋ እሰጣለሁ።

በዱዓዎ አይርሱኝ።

የእህትዎ ልጅ ተውፊቅ፣ ከደሴ