ስለ ግማሽ በሬዬ ለክቡር ሰብሳቢው

ሰኔ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተሰናባች ወታደሮች ማቋቋሚያ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ ዓመት ስድስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ስድስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ያ ሁሉ መቀመጥ ወገብዎን እንዳይጎዳው እኔም ባለቤቴ ባንቺም ከልብ እንሰጋለን። እኔ በሰቆጣ ዙሪያ የምኖር ገበሬ ነኝ፤ ወይም ገበሬ እንድሆን ከተፈቀደልኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ከአምስት ወር በሰሜን ግንባር ወታደር ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በኩል ባስገባው ስድስቱ ማመልከቻዎቼ የገቡበት ስለሚገባ፣ ገበያው ዳር ባለው ሰሌዳ ላይ በመለጠፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ለምስጋናም ለአቤቱታም እንዲመች በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ፤ የጦር ቤት ልማድ ነው፣ አልለቀቀኝም።

1. በመጀመሪያ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። ከጦሩ እንደተሰናበትን ሦስት ቀን ሙሉ ሰብስባችሁ ከኅብረተሰቡ ጋር ተስማምቶ ስለ መኖር አስተማራችሁን። ትምህርቱ መልካም ነበር፤ ኅብረተሰቡ ስላልተጠራ ብቻ እኔ የተማርኩትን እሱ አልሰማም። እስከ ዛሬ በመንደሬ "ወታደሩ" እንጂ ምሳው ብሎ የሚጠራኝ ጥቂት ነው። ምግብ ሲቀርብ በቆምኩበት እበላለሁ፤ ባንቺ "ቤት ነው እኮ፣ ተቀመጥና ብላ፤ ማን ያባርርሃል?" ትለኛለች፤ ስቀመጥ ደግሞ ጀርባዬን ለበሩ መስጠት ያቅተኛል። ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ ስሜ ቢጠራ ብድግ ብዬ "አቤት ጌታዬ!" ስል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ለብዙ ቀን አፈርኩ።

2. ሁለተኛው ስለ በሬው ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት በአገራችን አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን እያረሱ ሁለቱም ከሰው ሳያንሱ ይከርማሉ። እኔ ከወታደርነት ወደ ሰውነት የምመለስበት መንገድ ይኸው መቀናጆ እንደሆነ አምኜ ስለነበር፣ ኮሚቴው በሬ ሊያከፋፍል ነው ሲባል ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በሬው ስላነሰ አንዱ ለሁለት ሰው ይሁን ተባለ፤ ይሁን አልን። ነገር ግን የተጠቀማችሁበት ዝርዝር በመንደር ሳይሆን በጦር ክፍል የተዘጋጀ ስለነበር፣ ተጋሪዬ ሆኖ የተመዘገበው በአንድ ምሽግ አብሮኝ የኖረው ለተጊዮርጊስ ሆነ። ለተጊዮርጊስ የሰሃላ ሰው ነው። ከእኔ ደጅ እስከ እሱ ደጅ በእግር ሁለት ቀን ያስኬዳል። ይህንን ብናስረዳ ጸሐፊዎ "በአንድ ምሽግ የኖራችሁ ሰዎች በአንድ በሬ አትጣሉም" አሉን። እውነታቸውን ነው፤ አልተጣላንም።

3. ከዚያን ቀን ጀምሮ በሬው በየሃያ ቀኑ ይዘምታል። ሁለት ቀን ተጉዞ ይደርሳል፣ ከድካሙ እስኪመለስ አራት ቀን ይተኛል፣ ትንሽ አርሶ አካሉ ሲጠና የመመለሻው ቀን ይደርሳል። እኔ ከጦሩ ተሰናብቼ እሱ ሳይሰናበት ቀረ። ከእኔ ጋር ለመቀናጀት እሺ ብሎኝ የነበረው ጎረቤቴ ደጅይጥኑ ደግ ሰው ነውና አንድ ክረምት ቻለኝ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን በሬውን ዐይቶ ዐይቶ "ወንድሜ ምሳው፣ ይህን እንኳን ልጠምደው፣ እኔው ተሸክሜ ላሳርፈው ያምረኛል" አለኝና ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጀ። አልተቀየምኩትም። ከመንደሬ ሰው ጋር መድቡኝ ብዬ ማመልከቻ ባስገባ የለተጊዮርጊስ ስምምነት በጽሑፍ ይምጣ ተባልኩ፤ ሰሃላ ሄጄ አመጣሁ። የቀበሌው ማኅተም የለበትም ተባልኩ፤ ተመልሼ ሄጄ አስመታሁ። በመጨረሻ ዝርዝሩ ወደ በላይ አካል ስለሄደ አይፋቅም ተባለ። በእግረኛ ጦር ውስጥ ሳለሁ እንኳን ይህን ያህል አልተጓዝኩም፤ ሰውነቴ እንዳይላላ ስላሰባችሁልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

4. መሬቴ ሁለት ዓመት ግማሹ ጦሙን አደረ። ዘንድሮም ሳይታረስ ከቀረ ለሌላ እንደሚሰጥ በስብሰባ ፊት ተነግሮኛል።

5. ግንቦት 12 ቀን ለተጊዮርጊስ ተራው ሳይደርስ በሬውን እየነዳ መጣ። እግሩ ውስጥ የቀረው የመድፍ ፍንጣሪ ስለሚያነክሰው የሁለት ቀኑን መንገድ በአራት ቀን ነበር የጨረሰው። ገመዱን በእጄ አስያዘኝና፣ በምሽግ እንደምናወራው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ፣ "ሙሉውን ውሰደው፤ አንተ ሚስት አለህ። ሁለታችንም ከምንቀር አንዳችን እንኳን እንረስ" አለኝ። እሱ ለሰሊጥ አረም ወደ ሁመራ ሊወርድ ነው። በዚያ እግር። እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ክቡር ሆይ። ሰውየው በግንባር በጀርባው አዝሎ ያወጣኝ ነው። እኔ ግን ዝናቡን አሰብኩና ገመዱን ተቀበልኩ፤ በዚህ ነገር ራሴን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም።

በሬው ሳር ጠግቦ ዐሥር ቀን ሲያርፍ ደጅይጥኑ ራሱ መጥቶ "እንግዲህ እንቀናጅ" አለኝ። ማሳዬን አንድ ጊዜ ገልብጠን ለሁለተኛው ስንዘጋጅ የኮሚቴዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ስድስት ማመልከቻ ያላስገኘው መልስ፣ ማንም ሳይጠይቅ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መጣ። ተጋሪው አካባቢውን ስለለቀቀ ድርሻው ለኮሚቴው ተመላሽ ይሆናል፤ ስለዚህ በሬው እስከ ሰኔ 15 ቀን ሰቆጣ ቀርቦ ርክክብ ይደረግ ይላል። የለተጊዮርጊስ ድርሻ የፊተኛው ግማሽ ይሁን የኋለኛው አልተገለጸም። ርክክቡ እስኪያልቅ የዘር ወቅት እንደሚያልፍ፣ ወቅቱ ካለፈ መሬቴ እንደሚሄድ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

ክቡር ሆይ፣ በሦስት ዓመት ከአምስት ወር ውስጥ አንድም ትእዛዝ አልጣስኩም። ሂድ ስባል ሄድኩ፣ ተኛ ስባል ተኛሁ፣ ጓደኞቼን ቅበር ስባል ቀበርኩ። ይህኛውን ግን አልፈጽምም። በሬው ማሳ ላይ ነው፤ የሚፈልገው ሰው ከነገ ጀምሮ ከደጅይጥኑ በሬ ጋር ተጠምዶ ያገኘዋል። እምቢ ብዬ ስጽፍ ባንቺ ዐይታኝ "ዛሬ ተቀምጠህ ነው እኮ የምትጽፈው" አለችኝ።

ለስብሰባዎችዎ ሁሉ መልካም ፍጻሜን፣ ለወንበርዎም ጽናትን እየተመኘሁ፣ እስካሁን ላልተቀበሉኝ ስድስት ቀጠሮዎች በድጋሚ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ የነበርኩት፣
የቀድሞ አሥር አለቃ ምሳው ሀይሉ

ግልባጭ፦
ለደጅይጥኑ፣ እንዳይሰጋ

ማስታወሻ፦ ለተጊዮርጊስ ወደ ሁመራ መውረዱን ለእናቱ ሳይነግራቸው ነበር የሄደው፤ በሬውን አድርሶ የሚመለስ መስሏቸው ይጠብቁት ነበር። ሰሃላ ሄጄ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እማሆይ አመተ ማርያም ይባላሉ። "ደግሞ ከማን ጋር ተጣላችሁ?" አሉኝ። ከማንም አልተጣላንም፣ አገር ሰላም ነው ብላቸው አላመኑኝም፤ ልጃቸው ያለ ጦርነት ከቤት ይወጣል ብለው አያስቡም። ከጦርነቱ የተረፈላቸውን ልጅ የወሰደባቸው አንድ ዝርዝር ነው ብዬ ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ከስብሰባ የሚተርፍ ጊዜ ካለዎት፣ እርስዎ ሄደው ይንገሩልኝ።