የገነቴ ሕመም ጨብጥ አልነበረም

ለውድ ወንድሜ ለሆሴዕ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ሱቁስ? በዚያ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ተዘረፈ፣ ሰው ተገደለ ሲባል በሰማን ቁጥር እማዬ ጉልበቷ እስኪላጥ ተንበርክካ ትጸልይልሃለች። እኛ ጌታ ይመስገን፣ አለን። አለን ማለት ደህና ነን ማለት ከሆነ። ስልክህን ከዘጋህብን ሰባት ወር ሆነ፤ ጎረቤታችን ነህምያ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ይህን ወረቀት በእጁ ላክሁልህ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለቤትህ ገነቴ ጨብጥ የለባትም። ኖሮባትም አያውቅም። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ።

ከሠርጋችሁ ጀምሮ ሽንቷን ያቃጥላት እንደነበር ታውቃለህ። እማዬ ብርድ ነው ትል ነበር። ጃጁራ ገበያ ቅቤ ልትሸጥ ስትሄድ መንገድ ላይ ሽንት እንዳያጣድፋት ብላ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች፤ ለካ ይኸው ነው ያባሰባት። ከፋርማሲ ኪኒን ትገዛለች፣ ትንሽ ሲሻላት ግማሹን ታስቀምጠዋለች። ያን የተረፈ ኪኒን አገኘሁትና ስሙን ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ለአባላዘር በሽታ ይሰጣል የሚለውን አነበብኩ፤ ከሥሩ ለሽንት ቱቦ ብግነትም ይሰጣል የሚለውን አላነበብኩም። በዚያው ቀን ለእማዬ ነገርኩ፣ ለአንተም ጻፍኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ወሬው የደረሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠርተዋት በእኔ ምስክርነት ከመዘምራን አገዷት፣ ከጌታ እራትም ከለከሏት። አንተም አላውቃትም ብለህ ላክህ። ልጇን ትታ አዲሎ ካለው ከአባቷ ቤት ገባች።

ከሁለት ወር በፊት ትኩሳት እያንዘፈዘፋት ሆሳዕና ሐኪም ቤት አመጧት። ከዚያ ወዲህ አስታማሚዋ እኔ ነኝ። ዶክተር ጠና ወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳኝ፤ የሴት የሽንት ቱቦ ከወንዱ በጣም አጭር ስለሆነ ተህዋሲው ቶሎ ወደ ፊኛ ይደርሳል። የገነቴ ደግሞ ስትፈጠር ጀምሮ መውጫው ከቦታው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ ምንም ብትጠነቀቅ ይመላለስባታል። ጨብጥስ መርምራችኋል ወይ አልኩት። ሆሴዕ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ገነቴ እየሰማች ነው የጠየቅኩት። መርምረናል፣ የለባትም አለኝ። ስንት ዓመት የቆየው ብግነት ግን ወደ ኩላሊቷ ወጥቷል። አንዱ ሥራ አቁሟል፤ ሌላውም ብዙ አይቆይም ይላሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ አልደበቀችም። እንደ እህት አይታኝ ሕመሟን ነገረችኝ፣ እኔ ደግሞ ከሰስኳት።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ በሐሰት የመሰከርኩት እኔ ነኝ አልኩ። የሐኪሙንም ወረቀት ሰጠኋቸው። ባልየው ንጹሕ ናት ብሎ በራሱ አፍ ካልተናገረ እገዳውን አናነሳም አሉኝ። ስለዚህ በእናታችን ጡት ይዤሃለሁ፣ ደውልላቸው። የምትድን አይመስለኝም፤ ስሟ ሳይነጻ አትሙት።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ምግብ አልበላ ብሏታል። ባለቤቴ ዘርአብሩክም ሰላም ብሎሃል። ገነቴን ምን ልበልልሽ ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልጅህ ሐዳሳ እኔ ዘንድ ናት፤ ስምንት ዓመት ሞላት። ትናንት ሽንት ቤት ቆይታ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ሲያቃጥላት ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ዛሬ ጠዋት አስመረመርኳት፤ በጊዜ ስለተደረሰበት ይድናል ብለውኛል። ለምን አልነገርሽኝም ብላት አለቀሰች። ከዚያ እጄን ይዛ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪብኝ ብላ ለመነችኝ።

እህትህ ርብቃ
ሆሳዕና፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.