አሥራ አንድ ክፍል ያልኩት እኔ ነኝ

ጥቅ. 4፣ ማክ.፣ ረፋድ 4 ሰ.
የሳሎኑ ምንጣፍ ተራግፏል። ግቢው ውሃ ተርከፍክፎበታል። ደብተሬ፣ ዛሬ እንግዳ አለን። ከአካባቢው አስተዳደር፣ ከመሐሊያው፣ ቤት የሚመዘግብ ሰው ይመጣል። አሠሪዬ ሐጃ ጉልበታቸውን አሟቸው ከአልጋ አልወረዱም፤ አንቺ ተቀበዪው ብለውኛል። ስድስት ዓመት በሰው አገር፣ ካፉሪ በሚባል ሰፈር በዚህ ቪላ ሳበስልና ሳጥብ ኖሬ፣ የመንግሥት ሰው ስቀበል የመጀመሪያዬ ነው። ሻሼን ሁለቴ ቀየርኩ።

ያው ዕለት፣ 9 ሰ.
መጥቶ ሄደ። ወጣት፣ ትሑት፣ ብዕሩን ጆሮው ላይ የሰካ። ቀዝቃዛ ከርከዴ ሰጠሁት። ቤቱ ስንት ክፍል ነው አለ። በኛ አገር፣ በሐይቅ ከተማ፣ እንግዳ ፊት ቤት አይናቅም፤ ጎጆም ብትሆን አዳራሽ ናት። የሐጃን ቤት እንዴት አሳንሼ ልናገር። አሥራ አንድ አልኩት። ሰባቱ እውነት ነው። የቀሩት፦ የድሮው ዘበኛ ማደሪያ፣ የሽንኩርት ማስቀመጫው፣ ጣራ ላይ ያለው ዳስ፣ የርግቦቹ ቤት። ሙቀቱ ከብዶት ዞሮ እንኳ አላየም፣ ጻፈ። ፈርሚ አለኝ። ዘሃራ ብዬ ፈረምኩ። በዚህ አገር መዝገብ ላይ ስሜ ሰፈረ። ደስ አለኝ።

ጥቅ. 19፣ ረቡ.፣ ከሰዓት
ጉድ ፈላ። የዓመቱ የቤት ግብር፣ እዚህ ዐዋይድ የሚሉት፣ በወረቀት መጣ። የከተማው በጀት ስለጎደለ በሁሉም ላይ ጨምረዋል፤ ጎረቤቱ በየበሩ ቆሞ ያማርራል። የኛ ግን የጎረቤት እጥፍ። ለምን ቢሉ፣ አሥራ አንድ ክፍል፣ አንደኛ ደረጃ ይላል። ሐጃ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁ። ቁጥሩ አልተለወጠም። የሟች ባላቸው ጡረታ ይህን አይችልም። ልጃቸው ከዱባይ ደወለና ሽጪውና ነይ አለ። ስልኩን ዘግተው አለቀሱ። አራት ልጅ ያሳደጉበት ቤት ነው። እኔም ብሆን ከዚህ ሌላ መግቢያ የለኝም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ እናቴ እውነቷን ነው። እስካሁን ለሐጃ አልተናገርኩም።

ጥቅ. 20፣ ሐሙ.፣ 5 ሰ.
ተናዘዝኩ። ሩዝ እየለቀምኩ፣ ቀና ሳልል። ይቆጣሉ ስል አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ርግቦቹንም ቆጠርሻቸው? ብለው ጠየቁኝ። ቆይተው ደግሞ፣ እሳቸውም ቢሆኑ ለእንግዳ አሥራ ሁለት ይሉ እንደነበር ነገሩኝ። ወላሂ፣ ትከሻዬ ቀለለኝ።

ያው ዕለት፣ 10 ሰ.
ጎረቤታችን ዓም (አጎት) ኢድሪስ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ወረቀቱን አነበቡት። ይታረማል አሉ። ከደስታዬ ዘለልኩ። ግን የፈረመው ሰው ራሱ ቀርቦ ቃሉን ማስተካከል አለበት፤ የመጨረሻው ቀን እሑድ ነው። ያኔ ነው ያስታወስኩት። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው ካለፈ ስምንት ወሩ። የመሐሊያው መስኮት ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ከዚያ እስር፣ ከዚያ በድንበር መባረር። ሐጃ በፍጹም አሉ። ቤቱ ይሸጥ እንጂ አንቺ እዚያ አትሄጂም። ተከራከርን። እኔ ሳህን ሰበርኩ፣ እሳቸው አኮረፉ።

ጥቅ. 23፣ እሑ.፣ ጠዋት 12 ተኩል
ቆረጥኩ። ሐጃ ሳይነሱ እወጣለሁ። ፉላቸውን ሸፍኜ አስቀምጫለሁ፣ መድኃኒታቸው አጠገቡ ነው። እውነት ለመናገር አልከፋኝም። ያበላሸሁትን ራሴ ላቃና ነው፣ ልቤ እንደ ሠርግ ቀን ይዘላል። ሰባት ክፍል እላለሁ፣ ሌላው የርግብና የሽንኩርት ነው እላለሁ። ቢስሚላህ።

1 ሰዓት፣ አምጃድ ውስጥ
ጽሑፌ ይዘላል፣ መንገዱ ጉድጓድ ነው። በሩን በቀስታ ስከፍት ሐጃ ውጭ ናቸው። ነጭ ቶባቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ አምጃድ፣ ያቺን ትንሽ የኪራይ መኪና፣ አስቁመው። ሱብሕ ከሰገዱ ጀምሮ ሲጠብቁኝ ኖሯል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንቺ ብቻ ነሽ እኔን ያወቅሽኝ? እኔስ አላውቅሽም? አሉኝ። ደግፌያቸው መኪናው ውስጥ ገባን። ኢቃማ ከጠየቁሽ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ፣ በዚህ ጉልበት ማን እንደሚያነሳኝ አያለሁ አሉ። ሹፌሩ እየሳቀ፣ ያላ ሐጃ፣ እኔም አብሬ እቀመጣለሁ ይላል። ፈርቻለሁ። ደስም ብሎኛል፣ ሁለቱ አልለይ ብለውኛል። ሐጃ ያስጠኑኛል፦ ሰባት በዪና ዝም በዪ፣ እንግዳዋ አሁን አንቺ ነሽ፣ ቤት ማግዘፍ የባለቤት ነው። ባሕሪ ወደሚባለው ሰፈር የሚወስደው መንገድ ዛሬ ባዶ ነው። ደርሰናል። ሐጃ ምርኩዛቸውን መኪናው ውስጥ ረስተው ወርደዋል፣ ይዤላቸው ልደርስባቸው ነው። የቀረውን ማታ እጽፋለሁ።