አለቃ ስለሌለው አይብ ቤታችን፦ ለመኖሪያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና እንዲሆን በሰሜን ጣሊያን በካርኒያ ተራራ ሥር የምንኖር የአይብ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሠላሳ አንድ አባላት ከልብ እንመኛለን። እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። በጋዜጣ የምጽፍልዎ አራት ደብዳቤዎቼ መልስ ስላላገኙ ነው፤ ከዚህ በላይ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

አንደኛ፣ ስለላኩልን ያማረ መጽሔት እናመሰግናለን። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የአውሮፓን ሕዝብና ሕግ እንዴት እንደሚያስተሳስሩ በሚገባ ያስረዳል። አራተኛው ገጽ ላይ አይብ ታቅፎ የሚስቀው ሶርያዊው ኑማን ነው፤ በሠራተኝነት የገባና በኋላ በድምፃችን አባል ያደረግነው። እስከ ወሩ አሥራ አራተኛ ቀን አገር ለቆ እንዲወጣ የሚያዘው ደብዳቤዎም በዚያው ፖስታ ውስጥ ደርሶናል። ፖስታ ቆጥበዋልና ምስጋናችን እጥፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ተቆጣጣሪዎ ትጋት። እኛ ዘንድ ከአያቶቻችን ጀምሮ አለቃ የለም። የሁሉም ቤት ወተት አንድ የመዳብ ጋን ውስጥ ይገባል፤ ተራው የደረሰ አባል አይቡን ይሠራል፣ ሌላው ለዚያ ቀን ይታዘዘዋል። ተቆጣጣሪዎ ገብተው «አለቃችሁ ማነው?» ሲሉ፣ የሰማንያ ዓመቱ አባባ ታርቺዚዮ ወደ ኑማን ጠቁመው «ዛሬማ እሱ ነዋ! ይልቅ ጌታው፣ እጅዎን ይታጠቡ፤ ኋላ ይቆጣናል» አሏቸው። ሁላችንም ሳቅን። ተቆጣጣሪዎ ግን ጻፉ።

በዚህ ዓይነት ኑማን በመዝገብዎ ባለድርጅት ሆነ፤ ባለድርጅት ሠራተኛ አይደለምና በሠራተኝነት ያገኘው ፈቃድ ተሰረዘ። ተቆጣጣሪዎ በማግስቱ መጥተው ቢሆን ባለድርጅቷ እኔ ነበርኩ። እኔን ወዴት እንደሚመልሱኝ ግን አላውቅም።

ሦስተኛ፣ ቁጥር መስጠቱ ሰልችቶኛል። ኑማን ሲመጣ ተራ የሚይዝ ጉልበት ጠፍቶ አይብ ቤቱን ልንዘጋ ነበር። ስምንት ዓመት ከእኛ ጋር እጁን አውጥቶ ድምፅ ሰጥቷል። ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴም በላይ ፈርቻለሁ።

በተራዬ ቀን አለቃ፣ በቀሩት ቀናት ሁሉ የእርስዎ ትሑት ታዛዥ፣
ኦዲላ ፕላዞታ

ማስታወሻ፦ የወሩ አሥራ አራተኛ ቀን የኑማን ተራ ነው። በደንባችን መሠረት አባልን ከተራው ያስቀረ ሰው ራሱ ገብቶ ይተካዋል። ትናንት ጉባኤው በሠላሳ አንድ እጅ እርስዎን መርጧል፤ ኑማንም እጁን አውጥቷል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይድረሱ። ሽርጡን አጥቦ መስቀያው ላይ ይተውልዎታል።