በሩ ተዘግቶ ይሠራ ስለነበረው ስቱዲዮ

ቀን፦ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመሥሪያ ሼዶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «ሥራ የቆመበት ሼድ» ተብሎ የተሰጠን የልቀቁ ውሳኔ እንዲነሣልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች ወ/ሮ ስሜነሽ አወቀ የ«ፈረስ ሜዳ» አኒሜሽን ስቱዲዮ ማኅበር አባል ነኝ። ኮምፒውተር አልነካም፤ ድርሻዬ ድምፅ ነው። በአገውኛ በምንሠራው የልጆች ፊልም ውስጥ የምትናገረው አሮጊቷ ባዝራ እኔ ነኝ። ለአቤቱታ የማይመች ደስታ ካዩብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በዚህ ዕድሜ ፈረስ መሆን ደስ ይላል።

2. ሥራው የተጀመረው ልጄ ሶስናና ጓደኛዋ ደርበው ተመርቀው ሥራ ባጡ ጊዜ፣ በእኔ ሳሎን በአንዲት ኮምፒውተር ነው። እንግዳ ሲመጣ ከሶፋው ላይ ገመድ እያነሣን ነበር የምናስቀምጠው። ጽሕፈት ቤትዎ ሼዱን ከሰጠን ወዲህ ከዳንግላና ከአዲስ ቅዳም ሳይቀር ወጣቶች ተጨምረዋል። አንድ የአዲስ አበባ ፊልም ሠሪ በጠራራ ፀሐይ የቀረጸውን ልኮላቸው፣ እነሱ ዝናብ ጨምረውበት መልሰውለታል። እኔ ሳየው የተሰጣ ልብሴ ትዝ ብሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ለዚህ ሁሉ ያበቃን የእናንተ ሼድ ነውና ምስጋናዬን ሳላቀርብ ወደ ቅሬታዬ አልገባም።

3. በጥር ወር የአገው ፈረሰኞች ለጥር 23 በዓላቸው ሲለማመዱ፣ ወጣቶቹ በሙሉ ካሜራ ይዘው ሜዳ ወጡ። በፊልሙ ያለው ፈረስ ሲጋልብ እንደ ፍየል እየዘለለ አስቸግሯቸው ስለነበር የእውነተኛውን እግር አነሣስ አይተው ሊያርሙት ነው። ሲወጡ ያለቀውን ክፍል ለኮምፒውተሮቹ ሰጥተው ነው የሄዱት። ሬንደር ይሉታል፤ የተሳለውን ኮምፒውተሩ ምስል በምስል እያበሰለ ፊልም የሚያደርግበት ነው። ቀናት ይፈጃል፣ የሰው እጅ አይፈልግም፤ እንዲያውም የሚነካካው ሰው ያበላሸዋል። በሩ የተቆለፈው ለዚህ ነበር።

4. ሼዶችን የሚቆጣጠረው የጽሕፈት ቤትዎ ኮሚቴ የመጣው በዚያው ዕለት ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ስለነበር ተጠርቼ እየሮጥኩ ሄጄ ከፈትኩ። ሰብሳቢው አቶ ይኸነው ባዶ ወንበሮቹን አይተው «እትዬ፣ ሠራተኛው የታለ?» አሉኝ። ኮምፒውተሮቹ እየሠሩ ነው ብላቸው፣ አንዱ ስክሪን ላይ ግማሽ ፈረስ አዩና «ሼድ የሰጠነው ለኮምፒውተር ነው እንዴ? ይሄስ ፈረስ ግማሹ የት ሄደ?» ብለው ሳቁ። ቀልድ መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ። ለካ እየሳቁ ይጽፉ ኖሯል! ከሳምንት በኋላ «ሠራተኛ ያልተገኘበት፣ ሥራ የቆመበት» የሚል ማስጠንቀቂያ በራችን ላይ ተለጠፈ። የካቲት ሳያልቅ ልቀቁ ተባልን።

5. ላስረዳ ብመላለስ አንድ ቀን ሰብሳቢው ስብሰባ ናቸው፣ ሌላ ቀን ኔትወርክ የለም፣ ሌላ ቀን ውሳኔ አይከለስም እባላለሁ። እኔ ታዲያ ምን ልበል? ጎረቤታችን ብሎኬት አምራቹ ብሎኬቱን ፀሐይ ላይ ደርድሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሥራ ቆመ ያለው የለም፤ እየደረቀለት ነዋ! የእኛ ፈረስ ሲበስል ምን አጠፋ? ደርበው ባሕር ዳር ቤት ማፈላለግ ጀምሯል። ሶስና ደግሞ ዝም ብላለች። ልጄን አውቃታለሁ፤ ዝም ካለች ልትሄድ ነው። እነሱ ከሄዱ የአዊ ልጆች በቋንቋቸው የሚያወራ ፈረስ ሳያዩ ፊልሙ መንገድ ላይ ይቀራል።

6. ስለዚህ ውሳኔው እንዲነሣልን፣ ይህ እስኪሆንም ሼዱ ለሌላ እንዳይተላለፍ፣ ክቡርነትዎም ራስዎ መጥተው ሥራውን እንዲያዩልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ቀጠሮ አያስፈልግም። ድንገት መጥተው በሩ ተዘግቶ ቢያገኙት ግን ባዶ ነው ብለው አይመለሱብን፤ ጆሮዎን ጠጋ ቢያደርጉ ማሽኖቹ ሲያጓሩ ይሰማሉ። ቤቴ ከሼዱ ፊት ለፊት ነው። ይጥሩኝ፤ ቁልፉን ይዤ እየሮጥኩ እመጣለሁ።

ይመጣሉ ብዬ በር በሩን ከማየት ጋር፣ ከሰላምታ ጋር

ስሜነሽ አወቀ
(ፊርማ)
እንጅባራ